ልቁረጠው ወይስ ችዬው ልኑር?

ጤና ይስጥልኝ። የ43 ዓመት ሴት ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናትና የ5ኛ ክፍል መምህርት። ስኳር ከተገኘብኝ 9 ዓመት ሆኖኛል፤ ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ እወስዳለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ እግሬ ከቁርጭምጭሚቴ በታች ቀን ቀን ይደነዝዛል፣ ጥጥ የረገጥኩ ይመስለኛል። ማታ ደግሞ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ይመስል ይለበልበኛል። አንሶላ ሲነካኝ እንኳ አልችልም።

ከ5 ሳምንት በፊት ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊግራም «ማታ አንድ» ብሎ አዘዘልኝ። እውነቱን ለመናገር ማቃጠሉ ቀንሷል፤ ከ10 ስምንት የነበረው አምስት ሆኗል፣ እንቅልፍም አግኝቻለሁ። ግን ክኒኑ ሌላ ጣጣ ይዞብኝ መጣ። ደብተር አርሜ፣ የልጆቹን ልብስ አዘጋጅቼ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ እውጠዋለሁ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ስነሳ ጭንቅላቴን ጭጋግ ሞልቶታል። ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ምን ልጽፍ እንደነበር ይጠፋብኛል። አፌ ስለሚደርቅ በየክፍለ ጊዜው ከረሜላ ስመጥ እውላለሁ። ሆዴ አራት አምስት ቀን ይደርቃል። ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ላይ ወንጌል ሊነበብ ሲል ከተቀመጥኩበት ብድግ ስል ዓይኔ ጨለመ፤ አጠገቤ የነበሩት እናት ባይዙኝ ወድቄ ነበር።

ጎረቤቴ ወረቀቱን አንብባ «ይሄ እኮ የአማኑኤል መድኃኒት ነው፤ አብደሻል ብለውሽ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ክኒኑን ከበርበሬ ጣሳው ጀርባ ደብቄ ነው የማስቀምጠው። ጠበል ስገባ ለሦስት ቀን አቋረጥኩት፤ ሁለት ሌሊት ሙሉ ዓይኔ አልተከደነም፣ አቅለሸለሸኝ፣ ማቃጠሉም ተመለሰ። ሱስ ሆኖብኝ ይሆን? በጣም ሲብስብኝ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ትራማዶል 50 ከፋርማሲ ገዝቼ እውጣለሁ፤ ለሐኪሙ አልነገርኩትም። ዋሽንግተን ያለችው እህቴ ደግሞ «እሱ ያረጀ መድኃኒት ነው፤ ዱሎክሲቲን በሰው እልክልሻለሁ» ብላኛለች።

ጾሙም እየመጣ ነው። ከድካሙ ይሁን ከሕመሙ አላውቅም፣ ነገር ሁሉ ጣዕም አጥቶብኛል። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ብቻዬን አለቅሳለሁ። ክኒኑን ልቁረጠው ወይስ ችዬው ልኑር? እንደ ታናሽ እህትዎ ቆጥረው ይንገሩኝ።

ከደሴ

መልስ፦

እህቴ፣ እንደ ታናሽ ቁጠሩኝ ስላልሽ «አንቺ» ልበልሽ። በደብዳቤሽ ውስጥ በእንዲያው በነካ እጅ ጽፈሽ ያለፍሽው አንድ ነገር አለ፤ ከስምንት ወደ አምስት። በነርቭ ሕመም ሕክምና ሕመሙ 30 በመቶ ከቀነሰ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ይባላል። ያንቺ ከዚያ አልፏል። ስለዚህ መቁረጡ የሚያስቆጭ ነው። ችሎ መኖሩም የግድ አይደለም፤ ከዘረዘርሻቸው ጣጣዎች ብዙዎቹ ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው። አንዳንዱ ከክኒኑ ሳይሆን ከምትውጪበት ሰዓት፣ አንዳንዱም ክኒኑ ላይ ደርበሽ ከምትወስጂው የመጣ ነው።

ጎረቤትሽ ወረቀቱን በትክክል አንብባዋለች፤ የሳተችው ትርጉሙን ነው። አሚትሪፕቲሊን እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ለድብርት ነበር። በአነስተኛ መጠን የነርቭ ሕመምን እንደሚያበርድ የታወቀው በኋላ ነው። ለድብርት ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ75 እስከ 150 ሚሊግራም ይደርሳል። ለነርቭ ሕመም ግን ከ10 ወይም ከ25 ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ቢበዛ እስከ 75 ይኬዳል። ያንቺ 25 ለእግርሽ የታዘዘ ነው። ስኳር የጎዳው ነርቭ ማንም ሳይነካው «ተቃጠልኩ» እያለ ይጮኻል። አንጎል ደግሞ በአከርካሪ በኩል ወደ ታች «በቃ፣ ሰምቻለሁ» የሚል መልእክት የሚልክበት መንገድ አለው፤ መልእክቱን የሚያደርሱት ኖርአድሬናሊንና ሴሮቶኒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ክኒኑ እነሱ ቶሎ ተለቅመው እንዳይጠፉ ያደርጋል፤ የነርቩንም ጩኸት በራሱ ያበርዳል። ፓራሲታሞል ለዚህ ዓይነቱ ማቃጠል ብዙም አይረዳም። ሐኪምሽ «ሐሳብሽ ነው» አላለሽም፤ እንዲያውም ነርቭሽ መጎዳቱን አምኖ ነው ያዘዘልሽ። ለጠየቀሽ ሰው «የነርቭ ሕመም መድኃኒት ነው» ብትዪ ውሸት የለበትም።

የበርበሬው ጣሳ ነገር ግን አሳስቦኛል። የተደበቀ ነገር ተቆልፎበታል ማለት አይደለም። ይህን ክኒን ትንሽ ልጅ ጥቂት ፍሬ እንኳ ቢውጥ የልብ ምቱ ተዛብቶ ሊሞት ይችላል። ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ይግባ።

አሁን ወደ ጠዋቱ ጭጋግ እንምጣ። «ማታ አንድ» የሚለው ትእዛዝ ስንት ሰዓት እንደሆነ አይናገርም፤ ጣጣው እዚያ ላይ ነው። ክኒኑ በደም ውስጥ ከፍ ብሎ የሚገኘው በአብዛኛው ከተዋጠ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ነው። ምሽት 5 ሰዓት ላይ ስትውጪው ጣሪያ የሚነካው ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ነው፤ ልትነሺ አንድ ሰዓት ሲቀርሽ ማለት ነው። ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ብትውጪው ግን ከፍታው ላይ የሚደርሰው ገና በእንቅልፍሽ መጀመሪያ ላይ ይሆናል፣ ጠዋት ላይ እየወረደ ያገኝሻል። ስልክሽ ላይ ማንቂያ ሙዪና እራት ስታቀርቢ ዋጪው። 3 ሰዓት ገደማ እንቅልፍ እንቅልፍ ሊልሽ ይችላል፤ ስለዚህ ደብተሩን ከእራት በፊት እረሚ፣ ከዋጥሽው በኋላም የሚንተከተክ ድስት አትሸከሚ። በጣም ቀደመብኝ ካልሽ 2 ሰዓት ላይ አድርጊው። ግን ለአንድ ሳምንት ሙሉ ሰዓቱን ሳታዛንፊ ሞክሪው፤ በሁለት ቀን አይፈረድም።

ከሳምንት በኋላም ጭጋጉ ካልለቀቀሽ መጠኑን ስለመቀነስ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሪ። 10 ሚሊግራም ፍሬ ከተገኘ መልካም ነው። ካልተገኘ የ25ቱን ግማሽ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ፤ ሲፈቀድልሽ በፋርማሲ በሚሸጠው መክፈያ ወይም በንጹህ ምላጭ ክፈይው። ሽፋኑ ሲከፈት ክኒኑ በጣም ይመራል፣ ምላስንም ያደነዝዛል፤ ስለዚህ አፍሽ ውስጥ ሳታቆዪ በብዙ ውሃ ዋጪው። እስካሁን ያየሽው ጉዳት ቀድሞ የመጣው፣ ጥቅሙ ቀስ ብሎ የተከተለው የዚህ መድኃኒት ጠባይ እንዲህ ስለሆነ ነው። ድብታውና ማዞሩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብሶ ብዙ ጊዜ ሰውነት ሲለምደው እየቀለለ ይሄዳል፤ የአፍና የሆድ ድርቀቱ ግን በመጠኑ ልክ አብሮ የመቆየት ዝንባሌ አለው።

ቅዳሴ ላይ የሆነብሽን ቀለል አድርጌ አላልፈውም። ከተቀመጥንበት ስንነሳ ደም ወደ እግር እንዳይወርድ የደም ሥሮች መጥበብ አለባቸው። ክኒኑ ይህን ያላላዋል። ለዓመታት የቆየ ስኳርም ግፊትን የሚያስተካክሉትን ነርቮች ሊጎዳ ይችላል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ዓይን ይጨልማል። የደም ግፊት መድኃኒት ትወስጂያለሽ? በደብዳቤሽ አልጠቀስሽውም፤ ካለ ለሐኪምሽ ቀድመሽ የምትነግሪው እሱን ነው። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ግፊትሽን አምስት ደቂቃ ተጋድመሽ አስለኪ፤ ከዚያ ቆመሽ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይለኩልሽ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ በወረቀት ጽፈሽ ውሰጂ፤ ሐኪሙ መጠኑን ወይም መድኃኒቱን የሚቀይርበት ምክንያት ነው። እስከዚያው ጠዋት ከአልጋ ስትነሺ ጠርዙ ላይ ሁለት ደቂቃ ተቀመጪ፣ የእግርሽን ጣቶች ወደ ላይና ወደ ታች ሃያ ጊዜ አንቀሳቅሺ፣ ከዚያ አንድ ነገር ይዘሽ ቁሚ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግድግዳው ወይም ዓምዱ አጠገብ ቦታ ያዢ፤ ወንጌል ሊነበብ ሲል ከሌሎቹ ትንሽ ቀደም ብለሽ ቀስ እያልሽ ተነሺ። ዓይንሽ ሲጨልም አፍረሽ አትቁሚ፤ ተቀመጪ። ጫማሽን ስታወልቂ ካልሲ ይኑርሽ፤ የደነዘዘ እግር ጠጠርና እሾህ አይነግርሽም።

ሽንት ቤቱ ከቤት ውጭ ከሆነ ለሌሊት ፖፖ አስቀምጪ ወይም ባትሪ ትራስሽ አጠገብ ይኑር። በጨለማ፣ በደነዘዘ እግርና ዝቅ ባለ ግፊት ደጅ መውጣት ጥሩ ቅንጅት አይደለም። እግርሽንም በሙቅ ጨው ውሃ የምትዘፈዝፊ ከሆነ ውሃውን በክርንሽ ፈትሺ፤ ከከሰል ምድጃም አርቂው። መቃጠልሽን የምታውቂው በማግስቱ ቁስል ስታዪ ብቻ ነው።

ትራማዶሉ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲገናኝ ሦስት ነገር ያደርጋል። አንደኛው ድብታውንና የሆድ ድርቀቱን ማባባስ ነው፤ የጠዋቱ ጭጋግ ትራማዶል በዋጥሽ ማግስት ይከብድሽ እንደሆነ አስታውሺ። ሁለተኛ፣ ሁለቱም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ የማምጣት ዕድልን ከፍ ያደርጋሉ። ሦስተኛ፣ ሁለቱም ሴሮቶኒንን ስለሚያበዙ አልፎ አልፎ አደገኛ የሆነ መብዛት ይመጣል፤ ምልክቱ እረፍት ማጣት፣ መንቀጥቀጥ፣ ብዙ ላብ፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ የልብ በፍጥነት መምታት ነው። እነዚህ ከታዩብሽ ለነገ ሳትዪ ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ትራማዶል ስኳርንም አንዳንዴ ዝቅ ስለሚያደርግ በጾም ወቅት ይበልጥ ያሳስባል። በሳምንት ሁለት ሦስት ፍሬ ከሆነ አሁኑኑ ማቆም ትችያለሽ፤ ቀስ በቀስ በየቀኑ ወደ መውሰድ ከተሸጋገርሽ ግን በአንዴ አትተዪው፣ እሱም በሐኪም እየተቀነሰ ነው የሚተው። ለሐኪሙ መንገሩ ያሳፍርሻል፤ ይገባኛል። ግን «ማታ አልችል ስል ትራማዶል እየጨመርኩ ነበር» የሚለው ቃል ለእሱ የአሁኑ መጠን ገና እንዳልበቃሽ የሚነግር ነው፤ ወቀሳ የሚያመጣብሽ አይመስለኝም።

በዚያው ፋርማሲ ስትሄጂ፣ የጉንፋን ክኒንና ለሆድ ቁርጠት የሚሸጠውን ቡስኮፓን ሳትጠይቂ አትግዢ። ብዙዎቹ አፍንና ሆድን የሚያደርቁት በዚያው በአሚትሪፕቲሊኑ መንገድ ነው፤ ድርቀት በድርቀት ላይ ይሆንብሻል። የልብ ምትን የሚነኩ መድኃኒቶችም አሉ፤ የወባና አንዳንድ የኢንፌክሽን መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ አዚትሮማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን። ሲታዘዝልሽ «አሚትሪፕቲሊን እወስዳለሁ» በይ። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ካላደረግሽ እድሜሽና ስኳርሽ ስለሚጠይቁ አሠርተሽ ማየቱ ይሻላል። ጠላና አረቄውም ድብታውን ስለሚያበዙ ይቅሩ።

ከረሜላው ይቁም። ስኳርሽን ያወጣዋል፤ ደረቅ አፍ ላይ ያለ ስኳር ደግሞ ጥርስ ይበላል፣ ምራቅ የጥርስ አጣቢ ነውና። ለአፍ ድርቀት ከሁሉ የሚቀለው እጅሽ ላይ ያለው መፋቂያ ነው፤ ስታኝኪው ምራቅ ይመጣል፣ ክፍል ውስጥ ባይመችሽም በእረፍት ሰዓት ይቻላል። ስኳር የሌለው ማስቲካም እንደዚያው ነው። ውሃውን በአንዴ ከመጋት ትንሽ ትንሽ እየጎነጩ መዋል ይሻላል። ሎሚ ምራቅ ቢያመጣም በየሰዓቱ ሲመጠጥ ጥርስን ያሳሳል። ማታ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ፍቂ። ደግሞ አንድ ጥርጣሬ ጣል ላድርግ፤ የአፍ መድረቅና መጠማት ከስኳር ከፍ ማለትም ይመጣል። የ3 ወሩን የስኳር ምርመራ ካሠራሽ ስንት ጊዜሽ ነው? ይህ መድኃኒት የምግብ ፍላጎትንና ክብደትን ሊጨምር ስለሚችል በየወሩ መመዘንም ጥሩ ነው።

ለሆድሽ ተልባ አለሽ። ቆልተሽ የፈጨሽውን አንድ የሾርባ ማንኪያ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠሽ ጠጪ፣ ወዲያው ሌላ ብርጭቆ ውሃ አስከትዪ፤ ማር አትጨምሪበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ተልባውን ጠጥቶ ውሃውን መተው ነው፤ ያኔ አንጀት ውስጥ እንደ ሊጥ ተጋግሮ ነገሩን ያብሰዋል። ከክኒኖችሽም ቢያንስ በሁለት ሰዓት አርቂው፣ አብሮ ይዞ ሊያስቀራቸው ይችላል። ከቁርስ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ሳትቸኩዪ ሽንት ቤት መቀመጥን ልማድ አድርጊ፤ ቡና ከጠጣሽ በኋላ ሆድ ስለሚነቃ ሰዓቱ ያ ነው። በሦስተኛው ቀን ካልወጣሽ ፋርማሲስቱ ቢሳኮዲልን የመሰለ ማለስለሻ ለጥቂት ቀን ሊሰጥሽ ይችላል። ኮሶ አትንኪ፤ ያዳክምሻል። ሆድሽ ተነፍቶ ማስመለስ ከጀመረሽና ጋዝም አልወጣ ካለ ሐኪም ቤት ነው።

የእህትሽን ደግነት አደንቃለሁ፤ «ያረጀ» በሚለው ግን አልስማማም። የስኳር ሕመም ሐኪሙ ፕሮፌሰር ሰሎሞን ተስፋዬ የመሩትና እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት ልክ እንዳንቺ በስኳር ነርቫቸው የተጎዳ 130 ሰዎችን በእንግሊዝ አገር 13 ማዕከላት ተከታትሏል። ሰዎቹ በአሚትሪፕቲሊን፣ በዱሎክሲቲን ወይም በፕሪጋባሊን ጀምረው፣ አንዱ ብቻውን ካልበቃ ሁለተኛ ተጨምሮላቸዋል። በየትኛውም ቢጀምሩ በአማካይ 6.6 የነበረው ሕመም በ16ኛው ሳምንት 3.3 ሆኗል። የተለየው የጣጣው ዓይነት ነው፤ አሚትሪፕቲሊን አፍን ያደርቃል፣ ዱሎክሲቲን ያቅለሸልሻል፣ ፕሪጋባሊን ያዞራል። ስለዚህ ሰዓቱንና መጠኑን አስተካክለሽም ማዞሩ ካልተወሽ ወደ ዱሎክሲቲን መሻገር ትክክለኛ አማራጭ ነው፤ ሐኪምሽ ሲያሻግርሽ። በራስሽ ግን ሁለቱን አንድ ላይ አትውሰጂ፤ ዱሎክሲቲን አሚትሪፕቲሊን ከሰውነት እንዳይወጣ ስለሚይዘው 25ቱ እንደ ብዙ ይሆንብሻል። ኩላሊትሽም ቀድሞ መታየት አለበት። ደግሞ እህትሽ የምትልከው ሲያልቅ ቀጣዩ በማን እጅ፣ መቼ ይመጣል? ዱሎክሲቲን ድንገት ሲቋረጥ ማዞርና ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝር የሚል ስሜት ያመጣል። ያንቺ ክኒን እዚሁ በቀላሉ መገኘቱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጠበል በገባሽባቸው ቀናት የደረሰብሽ ሱስ አይደለም። ሱስ ያለበት ሰው መጠኑን ይጨምራል፣ ይመኘዋል፤ አንቺ ልትተዪው ነው የምትፈልጊው። ሰውነት ለሳምንታት የለመደውን ድንገት ሲነጠቅ እንቅልፍ ያጣል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይቆጣል። አንድ ቀን ማቆም ካስፈለገ በሐኪም እየተቀነሰ በሳምንታት ውስጥ ይቆማል። ጠበሉን ከክኒኑ ጋር አታጣዪው፤ ጠዋት ተጠምቀሽ ማታ ትውጪዋለሽ።

ለጾሙም የ1 ሰዓት ተኩሉ ምቹ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ብትጾሚም አይነካውም። የሚያስቸግረው ውሃው ነው። ሳይጠጡ መዋል ግፊቱንም ሆዱንም ያባብሳል። ሜትፎርሚንሽ ከምግብ ጋር ስለሚወሰድ ሰዓቱን ጾሙ ሳይገባ ከሐኪሙ ጋር አስተካክዪ፤ የንስሐ አባትሽንም ቀደም ብለሽ አማክሪ። ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ምርመራ አለ፤ ቫይታሚን ቢ12። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ይህን ቫይታሚን ይቀንሳል፤ ሥጋና ወተት የማይበላባቸው ብዙ ቀናት ሲጨመሩበት ይብሳል። እጥረቱ በራሱ እግርን ያደነዝዛል፣ ይለበልባል፤ ድካምም ያመጣል። እጥረት ከተገኘ በመርፌ ወይም በክኒን ይሞላል፤ ያኔ የሕመምሽ አንዱ ምክንያት ተነሳ ማለት ነው።

ለመጨረሻ ያቆየሁት ለቅሶሽን ነው፤ በደብዳቤሽም መጨረሻ ላይ ነው ያስቀመጥሽው። ለአንድ ዓመት ሌሊት ያልተኛ ሰው ቢከፋው አይገርምም። ግን ጣዕም ማጣቱ በአብዛኛው ቀን፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ድብርት ሊሆን ይችላል፤ 25 ሚሊግራም ደግሞ ለእሱ አይበቃም። በራሱ መታከም ያለበት ነገር ነው፤ ድብርቱ ሲቀል ሕመሙንም መቻል ይቀላል። ልጠይቅሽ፤ ባልነቃ ይሻለኝ ነበር የምትዪባቸው ሌሊቶች አሉ? ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ይመጣብሻል? ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ። ዛሬውኑ ለምታምኚው አንድ ሰው ንገሪ፣ ክኒኖቹን እሱ ይያዝልሽ፣ አብራችሁም ሐኪም ቤት ሂዱ። ከክኒኑ በኩልም ሽንት አልወጣ ካለሽ፣ ዓይንሽን አሞሽ ብርሃን ዙሪያ ቀለበት ካየሽ፣ ልብሽ ያለ ምክንያት እየዘለለ ራስሽን ከሳትሽ፣ ወይም ነገር ከተምታታብሽ እንደዚሁ ወዲያው ሂጂ።

ለቀሪው ግን አትቻኮዪ። ትራማዶሉ ዛሬውኑ ቀርቶ ከነገ ማታ ሰዓቱን ቀይሪ፤ ተልባው በሁለተኛው ሳምንት ይጀመር። ሁሉን በአንድ ቀን ከለወጥሽ የቱ እንደረዳሽ አታውቂም። ከልጆቹ ያረጀ ደብተር አንዱን ወስደሽ በየቀኑ አንድ መስመር ጻፊ፤ የዋጥሽበት ሰዓት፣ ማታና ጠዋት ሕመሙ ከ10 ስንት፣ ጠዋት ጭጋግ አለ ወይስ የለም፣ ሆድ ወጣ ወይስ አልወጣ። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ለሐኪሙ የምትሰጪው ወረቀት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«አሚትሪፕቲሊን 25 ለ7 ሳምንት ወስጃለሁ፤ በመካከል 3 ቀን አቋርጬ ነበር። ሕመሙ ከ8 ወደ 5 ወርዷል። ሰዓቱን ወደ ምሽት 1 ተኩል ካመጣሁት ወዲህ ጠዋት ላይ እንዲህ ሆኗል። ተጋድሜና ቆሜ የተለካው ግፊቴ ይህ ነው። ትራማዶል በሳምንት 2 ወይም 3 ፍሬ እወስድ ነበር፤ አቁሜያለሁ። ቢ12፣ የኩላሊት፣ የ3 ወር ስኳርና የልብ ምርመራ ይታዘዝልኝ። ደስታ ካጣሁ ቆይቷል፤ ስለዚህም ልንነጋገር እፈልጋለሁ።»

የመጨረሻዋን መስመር ሐኪሙ ፊት ስትደርሺ እንዳትዘያት። በቃል መናገሩ ከከበደሽ ወረቀቱን ብቻ ዘርጊለት፣ አንብቦ እስኪጨርስ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ፤ ስለ ሌሊቶቹ የጠየቅሁሽን ጥያቄ ግን እስከዚያ አታቆዪው።